የተጠያቂዋ ቃል፤ ስለ ሴቶች ኑሮ የሚጻፉ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ሲመዘኑ

ድርሰት ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ፈጥኖ የሚመጣው ልብ ወለድ ታሪክ፥ ግጥም ወይም ቴአትር ነው። ትችት የሚጽፉትም ሰዎች ብዕራቸውን የሚያነሡት ከነዚህ ከሦስቱ ባንዱ ላይ ሲሆን፥ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣውን የመመረቂያ ጽሑፍ ግን የመምህራንና የፈታኞች ጉዳይ ነው ብለው ያልፉታል። ነገር ግን በዛሬው ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ሴት ኑሮ እጅግ ብዙ ገጽ ከሚጻፍባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ያለ ዕድሜዋ የተዳረችው ልጅ፥ ከውሃ ስትመለስ የተጠለፈችው ኮረዳ፥ ወደ ዓረብ አገር ተሻግራ ባዶ እጅዋን የተመለሰችው ሠራተኛ፥ ባሏ ሞቶ በመሬት ክርክር የምትንከራተተው እማወራ፥ ሁሉም በነዚያ ገጾች ውስጥ አሉ። የሰው ሕይወት ተጽፎ በተገኘበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ «እንዴት ተጻፈ?» ብሎ መጠየቅ የትችት ሥራ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አንድ ነው። እርሱም፥ ስለ ሴት የተደረገ ጥናት የሚመዘነው በሰንጠረዡ ብዛት ወይም በተጠቀሱት የውጭ አገር ሊቃውንት ቍጥር ሳይሆን፥ ተጠያቂዋ የተናገረችው ቃል ከአፏ ተነሥቶ ከመጻሕፍት ቤቱ መደርደሪያ እስኪደርስ ድረስ የእርሷ ሆኖ በመቈየቱ ነው የሚል ነው። ይህንንም ለማስረዳት በመጀመሪያ የጥያቄውን መነሻ፥ ቀጥሎ ምስጋና የሚገባውን፥ ከዚያም ጉድለቱን፥ በመጨረሻም መፍትሔ ይሆናል የምንለውን በየተራው እንመለከታለን።

ጥያቄው አዲስ አይደለም

ስለ ሴት ልጅ ጋብቻና ዕድል መጠየቅ ከውጭ አገር ተምረው የመጡ ሰዎች ያስገቡት ነገር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባሳተሙት «የልብ አሳብ፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» በተባለው መጽሐፋቸው የጋብቻን ነገር በታሪክ መልክ አቅርበው፥ ልጅን ያለ ዕድሜዋ ስለ መዳር አንባቢውን መክረዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቈይቶ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ነገሩን ከሌላው ወገን አሳየ። ሰብለ ወንጌል ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ አይደለችም፤ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን ባል ሲያማርጡ የማግቢያ ዕድሜዋ ያለፈባት ልጅ ናት። አንዲቱን ልጅ ተቻኵለው ይድሯታል፤ ሌላዪቱን እያማረጡ ያስቀምጧታል፤ በሁለቱም ቤት ያልተጠየቀችው ግን ባለ ጉዳይዋ ናት።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን ሲያሳትሙ ሴቲቱ ራሷ ብዕር ይዛ መታየቷ ነበር። እኒህ ሴት በኋላ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በምርጫ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነዋል። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው ስለ ሴት ጥናት ከመጀመሩ አስቀድሞ ጥያቄው በአማርኛ ተጠይቆ፥ በአማርኛ ተጽፎ፥ በአማርኛ ተነቦ ነበር ማለት ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈለገበት ምክንያት ከታች ይታያል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በታኅሣሥ ወር 1982 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ስለ ፆታ ጉዳይ የመጀመሪያው ሴሚናር ተደረገ፤ በዚያ የቀረቡትም ጽሑፎች በፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ አዘጋጅነት በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በኩል ታተሙ። ከዚያ ወዲህ የፆታ ጥናት ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኗል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ቍጥር ከ40 በላይ ስለ ደረሰ፥ በሕግ፥ በሶሲዮሎጂ፥ በማኅበራዊ አገልግሎት፥ በጤናና በሥነ ሕዝብ ትምህርት ክፍሎች ሁሉ ስለ ሴቶች ችግር የሚጽፉ ተማሪዎች በየዓመቱ ይመረቃሉ።

ምስጋና የሚገባው ሥራ

ወደ ነቀፋው ከመግባታችን በፊት የሥራውን ዋጋ መመስከር ተገቢ ነው። ጥናት የሌለው ክርክር በስሜት ብቻ የሚካሄድ ስለ ሆነ፥ ሕግን ለመለወጥ ኀይል አይኖረውም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፥ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሚጸና ጋብቻ ካገባት ክሱ እንዲቀር በር ከፍቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣውም የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊው ልጅቱን ማግባቱ ከቅጣት እንደማያድነው ደነገገ፤ ግርዛትንም ወንጀል አደረገ። ለነዚህ ለውጦች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያደረገው ጥናትና ክርክር ታላቅ ድርሻ ነበረው።

ቍጥርም የራሱ ጥቅም አለው። በመላው አገር የተደረጉት የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፥ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል የተገረዙት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 80 ያህል ነበሩ፤ በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 74፥ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 65 ሆነው ተገኝተዋል። ይህን መቍጠር ባይኖር ኖሮ አንዱ «ልማዱ ጠፍቷል» ሲል፥ ሌላው «ምንም አልተለወጠም» ሲል፥ ሁለቱም ያለ ማስረጃ ይከራከሩ ነበር። ስለዚህ ይህ ትችት ቍጥርን ለማጣጣል የተጻፈ እንዳልሆነ አንባቢው ይረዳልን።

ከመመረቂያ ጽሑፎችም መካከል ሌሎቹን ለመመዘን ሚዛን የሚሆኑ አሉ። ላቀች ድራሴ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1978 ለዶክትሬት ያቀረቡትና በኋላ በ1991 በመጽሐፍ መልክ የወጣው ጥናታቸው፥ በአዲስ አበባ ስለሚኖሩ ሴተኛ አዳሪዎች የተደረገ ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ ብልሃት ጥያቄውን ማዛወሩ ነው። ሰው ሁሉ «እነዚህ ሴቶች ለምን ተበላሹ?» ብሎ በሚጠይቅበት ጊዜ፥ ጥናቱ ከገጠር ለመጣች፥ ከትዳሯ ለወጣች፥ መሬትም ትምህርትም ለሌላት ሴት ከተማው ምን ዓይነት እንጀራ አዘጋጅቶላታል ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ነገሩ የሴቶቹ የጠባይ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ሥርዐት ጉዳይ ሆነ።

ሁለተኛው የሔለን ፓንክኸርስት ሥራ ነው። የሲልቪያ ፓንክኸርስት የልጅ ልጅ የሆኑት እኒህ ሴት ለኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸው መንዝ ገብተው በገጠር ሴቶች መካከል ተቀምጠው አጠኑ፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1992 በለንደን ታተመ። ዘመኑ የደርግ ዘመን ስለ ነበረ፥ የመሬት አዋጁ፥ የገበሬ ማኅበሩና የሴቶች ማኅበሩ በአዋጅ ላይ የሚሉትና እጓዳ ውስጥ ደርሰው የሚያደርጉት የተለያየ መሆኑን መጽሐፉ ያሳያል። ጋብቻና ፍቺ፥ ወሊድና እምነት፥ የቤት ውስጥ ሥራና የመንግሥት ፖለቲካ ባንድ መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ከመንደሩ ጋር አብሮ ሳይኖሩ፥ በጥቂት ቀን ጉብኝት የሚገኝ አይደለም።

የጽሑፉ ቅርጽና የምክሩ አንድ ዓይነትነት

ከነዚህ ወደ ዘወትሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ስንወርድ ግን ልዩነቱ ይሰማል። አብዛኛው ጽሑፍ አምስት ምዕራፍ አለው፤ መግቢያ፥ የቀድሞ ጽሑፎች ቅኝት፥ የጥናቱ ዘዴ፥ የተገኘው ውጤት፥ መደምደሚያና የመፍትሔ አሳብ። ቅርጹ ለተማሪው መደገፊያ ስለ ሆነ በራሱ ነውር የለበትም። ቅኔም ቤትና ምጣኔ አለው። ቅኔ ግን በቤቱ ልክ መሆኑ ብቻ ቅኔ አያሰኘውም፤ ምስጢር ያስፈልገዋል።

ምስጢሩ መጥፋቱ የሚታወቀው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። የጥናቱ ርእስ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ይሁን ግርዛት፥ የቤት ውስጥ ድብደባ ይሁን ስደት፥ ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው «ለኅብረተ ሰቡ ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል» የሚለው ነው። ይህ ምክር ለሁሉ በሽታ አንድ ሥር እንደሚያዝዝ መድኀኒተኛ ነው። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በውስጡ አንድ ያልተመረመረ ፍርድ አለበት፤ ይኸውም የገጠሩ ሰው የሚያደርገውን የሚያደርገው ባለማወቁ ነው የሚል ነው።

ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ልጁን በ13 ዓመቷ የሚድር አባት ስሌት አለው። ዛሬ የሚመጣው አማች ነገ ላይመጣ ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ በመንገድ ጠላፊ አለ፤ ሠርጉ ራሱ ደግሞ ከጎረቤት ጋር የተበዳደሩት ብድር የሚመለስበት ነው። እናቲቱም ልጅዋ «ቆማ ቀረች» ተብላ እንዳትሰደብ ትፈራለች። ይህን ስሌት ሳይፈቱ «ዕወቁ» ማለት፥ ያወቀውን ሰው እንዳላወቀ መቍጠር ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ባይሆንም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን ጥናት አለ። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለ ስፍራ «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘ ሥራ ተካሂዶ ነበር። ሥራው ምክር ብቻ አልነበረም፤ ልጃገረዶቹ በቡድን እየተሰበሰቡ ይማራሉ፤ ለሚማሩት የትምህርት መሣሪያ ይሰጣል፤ በመንደሩ ውይይት ይደረጋል፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ሥራው እስኪፈጸም ለቈዩ ቤተ ሰቦችም በግ ይሰጣል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም፥ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑት ልጆች ሥራው ካልደረሰበት መንደር ልጆች ይልቅ በትምህርት ቤት የመገኘታቸው ነገር በብዙ በልጦ፥ የማግባታቸውም ነገር እጅግ ቀንሶ ተገኘ። ከ15 እስከ 19 ዓመት በሆኑት ላይ ግን በሥራው መጨረሻ ያገቡት በዝተው ነበር። አጥኚዎቹ ይህን ሁለተኛውን ውጤት ሳይደብቁ ጽፈውታል። በዚህም አንባቢው ጋብቻው ለጊዜው መዘግየቱንና ፈጽሞ መቅረቱን ለይቶ እንዲያስብ ረድተውታል። በጉ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በጉን ያሰበ ሰው የቤቱን ስሌት ሰምቷል ማለት ነው።

ቃል ሲተረጐም የሚጠፋው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አጥኚው ወይም አጥኚዋ ወደ ገጠር ወርዳ በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በሲዳምኛ ወይም በሌላ ያገር ቋንቋ ትጠይቃለች፤ ተጠያቂዋም በቋንቋዋ ትመልሳለች። ጽሑፉ ግን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ፥ አጥኚው ቢያውቀውም ባያውቀውም፥ የትርጉም ሥራ ነው። የትርጉም ሥራ ከሆነ ደግሞ በትርጉምነቱ ሊተች ይገባዋል።

«ጠለፋ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በእንግሊዝኛው ከሰው ስርቆት የማይለይ አንድ ወንጀል ብቻ ይሆናል። በመንደሩ ግን ጠለፋ ከድርጊቱ በኋላ የሚላኩ ሽማግሌዎች፥ የሚከፈል ካሳ፥ የሚወርድ እርቅ ያለበት ረጅም ነገር ነው፤ አልፎ አልፎም ወላጅ የከለከላቸው ወጣቶች ተስማምተው የሚያደርጉት በዚሁ ስም ይጠራል። ይህን መለየት ወንጀሉን ለማቅለል አይደለም፤ ይልቁንም ለማክበድ ነው። የተጠለፈችው ልጅ የምትበደለው አንድ ጊዜ ብቻ አለመሆኑን፥ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው እርሷ በሌለችበት ስለ እርሷ ሲታረቁ ሁለተኛ መበደሏን የሚያሳየው ያገሩ ቃል በሙሉ ትርጉሙ ሲፈታ ነው።

«ድፍረት» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው፥ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዕይታ የበቃው ፊልም ይህን ስም የተሸከመው በአጋጣሚ አይደለም። ታሪኩ የ14 ዓመት ልጅ ተጠልፋ፥ ጠላፊዋን ገድላ በፍርድ ቤት ስለ መቆሟ በእውነት ከደረሰ ነገር የተወሰደ ነው። በአማርኛ ድፍረት ጀግንነት ነው፤ ድፍረት የሴትን ክብር መግፈፍም ነው። የደፈራትና የደፈረችው ባንድ ቃል ይጠራሉ። ቋንቋው ራሱ ስለ ኀይልና ስለ ሴት ያለውን አስተያየት በዚህ አንድ ቃል ውስጥ አስቀምጦታል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥናት ግን ከሁለቱ ትርጉም አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን ይጥለዋል።

«ሴተኛ አዳሪ» የሚለውን ቃል ደግሞ ብንፈታው፥ ወንድ በሌለበት ቤት በሴትነቷ ብቻዋን የምታድር ማለት ይመስላል። ስድብ ከመሆኑ በፊት የኑሮ መግለጫ ነበረ ለማለት ያስደፍራል። ብቻ ማደር እንደ ነውር የተቈጠረበት ማኅበራዊ ኑሮ በዚህ ስም ውስጥ ይነበባል። «ማደጎ» በተለምዶ ልጅን ወስዶ ማሳደግ ሲሆን፥ በአንዳንድ ያማራ አገር ገጠሮች ግን ትንሿ ልጅ ለአካለ መጠን እስክትደርስ በወደፊት ባሏ ወላጆች ቤት የምታድግበት ጋብቻ በዚሁ ቃል ይጠራል። አንድ ቃል ርኅራኄንም ጋብቻንም ሲሸፍን፥ ልጅቱ በዚያ ቤት ልጅ ናት ወይስ ሚስት የሚለው ጥያቄ ከቃሉ ውስጥ ይወጣል። ወደ ዓረብ አገር የሚልከው «ደላላ» ደግሞ በጽሑፉ ላይ «ሕገ ወጥ አዘዋዋሪ» ይባላል፤ በመንደሩ ግን ብዙ ጊዜ የአክስት ልጅ ወይም ጎረቤት፥ በሠርግና በልቅሶ አብሮ የሚውል ሰው ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ስለ ተመላሽ ሴቶች ብዙ ተጠንቷል፤ ነገር ግን ሴቶቹ ለምን ደላላውን በፍርድ ቤት እንደማይከሱት የሚያስረዳው «አዘዋዋሪ» የሚለው ቃል ሳይሆን «የአክስቴ ልጅ» የሚለው ነው።

ከቃል ይልቅ የሚከፋው ዝምታ ሲተረጐም ነው። ያገራችን ሴት የደረሰባትን ሁሉ ለእንግዳ አትዘረግፍም። «ሆድ ይፍጀው» ትላለች፤ ወይም «ምን ይደረጋል፥ እድሌ ነው» ትላለች። በመጠይቁ ወረቀት ላይ ግን ለሆድ ይፍጀው የተዘጋጀ ሣጥን የለም። «መልስ አልሰጠችም» ወይም «ችግር የለም» በሚለው ስር ይገባል። እጅግ የተናገረችው ሴት እንዳልተናገረች ተቈጥራ ታልፋለች። አማትዋ በሩ ላይ ተቀምጣ፥ ልጆቿ ከበዋት፥ ጠያቂውም ወንድ ሆኖ በሚመጣበት ቀን ከዚህ የበለጠ መልስ መጠበቅ አይቻልም።

የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች ከመቶ 63ቱ፥ ከወንዶቹ ግን ከመቶ 28ቱ፥ ባል ሚስቱን ቢመታ ምክንያት ይኖረዋል ማለታቸውን ይናገራል። የቀረቡት ምክንያቶች አምስት ነበሩ፤ ምግብ ብታሳርር፥ ብትከራከረው፥ ሳትነግረው ብትወጣ፥ ልጆቿን ብትተው፥ ከእርሱ ጋር መተኛትን እምቢ ብትል። ካምስቱ ባንዱ ብቻ የተስማማች ሁሉ ከመቶ 63ቱ ውስጥ ትቈጠራለች። በ1992 ዓ.ም. ይኸው ቍጥር ከመቶ 85 ነበር። ይህ ለውጥ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቍጥሩን የሚጠቅሱት ጽሑፎች «ሴቶቹ ራሳቸው ድብደባን ይቀበላሉ» ብለው ቶሎ ሲፈርዱ እናያለን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ባገር ቋንቋ ሲቀርብ፥ ተጠያቂዋ «ባልሽ ይህን ብታደርጊ ይመታሻል ወይ?» ብላ ትሰማዋለች? «በመንደራችሁ ይህ እንደ ተገቢ ይቈጠራል ወይ?» ብላ ትሰማዋለች? ወይስ «አንቺ በልብሽ ትደግፊዋለሽ ወይ?» ብላ? ሦስቱ መልሶች አንድ አይደሉም። ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ «አዎን» ማለታቸውም እንቆቅልሽ ነው፤ እንቆቅልሹን የሚፈታው ሰንጠረዡ ሳይሆን ከሰንጠረዡ በኋላ ተቀምጦ መስማት ነው።

ሁለት ክፍል፥ አንድ ግቢ

አንድ የሚያስገርም ነገር ደግሞ አለ። በዚያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል አለ። በዚያ የሚመረቁት ተማሪዎች ብዙዎቹ ጽሑፋቸውን በአማርኛ ያዘጋጃሉ። ስለ ሴት ገጸ ባሕርያት አሳሳል፥ ስለ ሴት የሚነገሩ ምሳሌያዊ ንግግሮች፥ ስለ ሙሾና ስለ እንጉርጉሮ በያይነቱ ተጽፏል። ሴቲቱ በወፍጮ ላይ ሆና ለማንም የማትነግረውን ለድንጋዩ የምትነግርበት ቃል፥ አማትዋንና ባሏን በቅኔ የምትወጋበት እንጉርጉሮ፥ በነዚያ ጽሑፎች ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። «ሆድ ይፍጀው» ያለችው ሴት በእንጉርጉሮዋ ሆዷን ትከፍታለች።

እንግዲህ ባንዱ ክፍል ቍጥር አለ፤ ድምፅ የለም። በሌላው ክፍል ድምፅ አለ፤ ስንት ሴት እንዲህ እንደምትኖር የሚናገር ቍጥር የለም። ስለ ፆታ የሚጽፈው ተማሪ በቀድሞ ጽሑፎች ቅኝቱ ውስጥ የሩቅ አገር ሊቃውንትን ሲደረድር፥ ጎረቤቱ ያለውን የሙሾ ጥናት አይጠቅስም፤ የሙሾውም አጥኚ ሙሾው የሚነግረውን ድብደባ ካገር አቀፉ ቍጥር ጋር አያስተያይም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ብቻ ጠቅሶ «ባህላችን ሴትን ያዋርዳል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ነገር ግን ተረቱን የተናገረው ማን ነው? ሴቶቹስ ለመልሱ ምን ተናገሩ? የባህሉን አንድ ወገን ብቻ መጥቀስ፥ የተከሳሹን ቃል ሰምቶ የከሳሿን መተው ነው።

የሚነሣው መከራከሪያ

ለዚህ አሳብ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። እንግሊዝኛ የሳይንስ ቋንቋ ስለ ሆነ፥ ጥናቱ በዓለም እንዲነበብና ከሌላ አገር ጥናት ጋር እንዲመሳከር በእንግሊዝኛ መጻፍ አለበት ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ የላቀች ድራሴም ሆነ የሔለን ፓንክኸርስት ሥራ በዓለም የታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ደግሞም አገራችን የብዙ ቋንቋዎች አገር ስለ ሆነች፥ «በአማርኛ ይጻፍ» ማለት አማርኛ ለማትናገረው ሴት ሌላ ባዕድ ቋንቋ መስጠት ይሆናል የሚል ይኖራል። ይህም መከራከሪያ ክብደት አለው።

ሆኖም እኛ የምንለው እንግሊዝኛው ይውጣ አይደለም። ተጠያቂዋ በኦሮምኛ ከተናገረች በኦሮምኛ፥ በሶማልኛ ከተናገረች በሶማልኛ፥ በአማርኛ ከተናገረች በአማርኛ፥ ቃሏ እንዳለ ተጽፎ ከእንግሊዝኛው ጎን ይቀመጥ ነው። ትርጉሙ ተሳስቶ እንደ ሆነ የሚያርመው አንባቢ ሊገኝ የሚችለው ምንጩ ሲኖር ብቻ ነው። ዳኛ ያለ ምስክር ቃል አይፈርድም፤ ምስክሯ በሌላ ቋንቋ ተተርጕማ፥ የተናገረችው ቃል ግን ከመዝገቡ ጠፍቶ የሚሰጥ ፍርድ ይግባኝ የለውም።

ሁለተኛው፥ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ባገር ቋንቋ የተጻፈ የአምስት ወይም የስድስት ገጽ ማጠቃለያ ቢኖረውና አጥኚው ወይም አጥኚዋ ወደ ተጠናበት ቀበሌ ተመልሰው ቢያነቡት መልካም ነው። ሴቶቹ «እንዲህ አላልንም» የማለት ዕድል ይኖራቸዋል። ያ ተቃውሞ ራሱ ከፈታኞች ምርመራ የማያንስ ምርመራ ነው። ሦስተኛው፥ ዝምታ እንደ መልስ ይመዝገብ። ማን ባለበት ዝም እንዳለች፥ ምን ብላ ዝም እንዳለች መጻፍ የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከብዙ ሰንጠረዥ ይበልጣል። አራተኛውም፥ የማኅበራዊ ሳይንስና የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች አንዳቸው የሌላውን ጽሑፍ በፈታኝነትና በአማካሪነት ቢካፈሉ፥ ቍጥሩና ድምፁ ባንድ ጥራዝ ይገናኛሉ።

ሕግ አውጪው፥ ዳኛው፥ የጤና ሠራተኛውና መምህሩ ስለ ኢትዮጵያ ሴት የሚያውቁት ነገር ከቀን ወደ ቀን ከነዚህ ጽሑፎች እየተቀዳ ነው። ከምንጩ የደፈረሰ ውሃ በወንዙ ላይ አይጠራም። «ሴቶች ይቀበሉታል» የሚል አንድ የተሳሳተ ዐረፍተ ነገር ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ሪፖርት፥ ከሪፖርት ወደ ዕቅድ፥ ከዕቅድ ወደ በጀት ይሻገራል፤ በመጨረሻም ያንዲት ልጅ ጉዳይ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲታይ «ይህ እኮ የናንተው ልማድ ነው» ተብሎ ይመለስባታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1923 ዓ.ም. መጽሐፋቸውን የጻፉት ለሚያነቡት ያገራቸው ሰዎች ነበር። የዛሬዎቹ ወጣት ተመራማሪዎች ከእርሳቸው የበለጠ ዘዴና መሣሪያ አላቸው፤ በዚህ ላይ የተጠያቂዋን ቃል በክብር የመያዝ ጥንቃቄ ቢጨምሩበት፥ ሥራቸው ለዲግሪ ብቻ ሳይሆን ቃሏን ለሰጠቻቸው ሴትም የሚጠቅም ይሆናል።